የኮሶው መጠን

ለጥምቀት ልጄ ከነቤተሰቡ ከባሕር ዳር ወደ ማክሰኝት መጥቶ ነበር። የልጅ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው። መምህሩ «አፄ ቴዎድሮስ ጥሩ መሪ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? በምክንያት አስረዱ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥቶታል። ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ልጁ ጥያቄውን ለአባቱ አነሣው።

«ይህ ምን ጥያቄ ነው? ጀግና ነበሩ፤ አለቀ» አለው አባቱ።

«ጎንደርን ያቃጠሉትስ?» አለ ልጁ።

አባቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ መለሰለት። ልጁም ያንኑ ደግሞ ጠየቀ። በሦስተኛው ልጄ ጠረጴዛውን በእጁ መታው። ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ልጁ ምንም ሳይናገር እጁን ታጥቦ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ጠረጴዛ የሚመታ እጅ ከማን እንደተወረሰ አውቃለሁና። ወደዚያ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ የቤት ሥራውን እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ።

ጠዋት ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ «ጥሩ ወይስ መጥፎ የሚለውን ለጊዜው ተወው» አልኩት። በነርስነት ስሠራ በኖርኩበት ዘመን በሽተኛን በአንድ ቀን ሙቀት አንገምተውም ነበር። የየቀኑን ሙቀት ቻርቱ ላይ እናስቀምጥና ነጥቡን ከነጥብ አገናኝተን መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ እናያለን። ትኩሳቱ የወጣው መቼ ነው? መድኃኒቱ ሲሰጠው ምን ሆነ? መጠኑ ሲጨመርስ? «የንጉሡንም ዘመን እንዲሁ እንሣለው» አልኩት። በሕይወት ስላሉ መሪዎች እንዲህ ማድረግ ያስቸግራል፤ ቻርታቸው ገና አልተዘጋም። የአፄ ቴዎድሮስ ግን ከተዘጋ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጁ ከደብተሩ መሐል ወረቀት ገንጥሎ መስመር አሰመረ።

የጀመርነው ከኮሶ ነው። ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ ቋራ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ በወደቁ ጊዜ ጎንደር ላይ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ጠላቶቹም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉ መኮንን «ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብለው ፎክረው ቢዘምቱበት፣ ካሣ አሸንፎ ማረካቸውና ኮሶ አጠጣቸው እየተባለ ይተረካል።

የልጅ ልጄ ኮሶ አያውቅም። እኛ ግን አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ሲጠጡ አይተናል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የማይኖርበት ቤት አልነበረም። አበባው ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል፤ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም። ኮሶ በመጠኑ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ መርዝ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ አዛውንት በቃሬዛ ይዘውብን መጡ። የጠጡት ኮሶ አልሠራልኝም ብለው በማግሥቱ እጥፉን ደግመው ነበር። ለጥቂት ተረፉ። ሲሻላቸው «ምነው አባባ፣ መጥተው አይጠይቁንም?» ብላቸው «ያው መድኃኒት አይደለም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ይህን ለልጁ ነገርኩትና ወደ ቻርታችን ተመለስን።

መጀመሪያ ያስቀመጥነው ነጥብ ሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም ካሣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጠመ። በመድፍና በሥልጡን ወታደር ተሸነፈ። ከዚህ ሽንፈት በኋላ ግን ሠራዊቱን እንደ እነርሱ ለማሠልጠን መሞከር ጀመረ፤ የመድፍ ነገርም እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ አልወጣም። «እዚህ ላይ ምን አደረገ?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «ለምን እንደተሸነፈ ጠየቀ» አለኝ። ይህን ከነጥቡ አጠገብ እንዲጽፈው አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ብዙው የሆነውም በእኛው ደጃፍ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም ደንቢያ ውስጥ ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ድል ነሣ፤ ጎሹም በውጊያው ሞቱ። በሚያዝያ በጣና ሰሜን ዳርቻ በኩል ጣቁሳ ላይ የራስ ዓሊና የደጃዝማች ውቤ ሰዎች አብረው የመጡበትን ጦር አሸነፈ። በሰኔ ጎጃም ተሻግሮ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ራሳቸውን ጣላቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ስምንት ወር በማይሞላ ጊዜ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ፤ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያምም አቡነ ሰላማ ቀብተው «ቴዎድሮስ» ብለው አነገሡት። በ1848 ዓ.ም ወሎን፣ ቀጥሎም ሸዋን አስገበሩ፤ ትንሹን ምኒልክንም ይዘው ተመለሱ።

ልጁ መስመሩን እየሳበ ወረቀቱ አናት ላይ ደረሰ። «እማማ፣ ከዚህ በላይ ቦታ የለም» አለኝ።

«እንግዲያስ ቀጣዩን ዝቅ አድርገን እናስቀምጥ» አልኩት።

አፄ ቴዎድሮስ ያሰቡት ትንሽ ነገር አልነበረም። ወታደር ገበሬ ቤት እየገባ ከሚበላ ደመወዝ እንዲያገኝ ፈለጉ። የባሪያ ንግድን ከለከሉ። ሽፍታው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ። ለደመወዙ ገንዘብ ለማግኘትም ለካህናት ከሚበቃው የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ለመውሰድ ተነሡ። እዚህ ላይ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ንጉሡ ወሎን አሸንፈው ሲመለሱ ወሎ ያምፃል። ሸዋም ይሸፍታል። ጎጃም በተድላ ጓሉ፣ ትግራይ በአገው ንጉሤ እጅ ይገባል። ንጉሡ ወዳመፀው አገር ይዘምታሉ፣ ያሸንፋሉ፣ ይቀጣሉ፤ ጀርባቸውን ሲሰጡ አገሩ ተመልሶ ይነሣል። በሚቀጥለው ዙር ቅጣቱ ይከብዳል፤ እጅና እግር እስከ መቁረጥ ደረሰ። አመፁ ግን እየሰፋ ሄደ።

ልጁ «ሁልጊዜ እያሸነፉ እንዴት ይሸነፋሉ?» አለ። ይህን ለማስረዳት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞቼን ነገርኩት። ዛሬ በተለመደው ሕክምና መድኃኒቱ ስድስት ወር ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሳሉ ይቆማል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ሰውነት ይሞላል። ይሄኔ በሽተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ይጠፋል። የቀሩት አራት ወራት ምንም አዲስ ነገር የማይታይባቸው፣ አሰልቺ፣ በየጊዜው መጥቶ መድኃኒት መውሰድ ብቻ ናቸው። የሚያድኑት ግን እነርሱ ናቸው። ጠፍቶ የሚመለሰው በሽተኛ ከበፊቱ ብሶበት፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን የተላመደ በሽታ ይዞ ይመጣል።

አፄ ቴዎድሮስ የሁለቱ ወር ሰው ነበሩ። በዚያ ሥራ በዘመናቸው የሚደርስባቸው አልተገኘም። የአራቱ ወር ሥራ ሹም አስቀምጦ ማመን፣ ግብሩን በልክ መሰብሰብ፣ ደመወዙን በጊዜው መክፈል ነው። ያ አልሆነላቸውም። አገር ባመፀ ቁጥር ግብር ቀረ፤ ግብር ሲቀር ደመወዝ ታጣ፤ ደመወዝ ሲታጣ ወታደሩ ተመልሶ የገበሬውን ጎተራ ገለበጠ፤ ገበሬውም ሸፈተ። ንጉሡ ሊያጠፉት የተነሡት በሽታ በራሳቸው ሠራዊት በኩል ተመልሶ መጣ።

ብዙ ሰው «የተዋበች ሞት ነው የለወጣቸው» ይላል። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም ሞቱ። ወዳጆቻቸው የነበሩት እንግሊዞች፣ ፕላውደን በ1852፣ ቤል በ1853 ተገደሉ። ሐዘኑ እውነት ነው፤ ያለ ፍርሃት የሚናገራቸው ሰው ማጣታቸውም ጎድቷቸዋል። ቻርቱን ሳየው ግን የወሎ አመፅም ሆነ የካህናቱ ጠብ ከተዋበች ሞት በፊት ተጀምሯል። ሐዘኑ በሽታውን አባባሰው እንጂ አላመጣውም።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። መልስ ቀረ። ያ ንቀት ነው፤ ማንንም ያስቆጣል። በ1856 ዓ.ም የእንግሊዝን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። መልስ ሲዘገይ ሌሎች አውሮፓውያንንም ጨመሩ። በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገባ። በ1858 ዓ.ም ራሳም የተባለው መልእክተኛ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ መጣ፤ ሐኪሙ ብላንክም አብሮት ነበር።

ብላንክን ያነሣሁት ከሙያዬ የተነሣ ነው። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ ዘጌ ላይ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ዛሬም በጣና ዳር ሰው በብዛት ተሰብስቦ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሲጎድል አተት እንደሚነሣ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ብላንክ ሠራዊቱ ቆላውን ለቆ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጣ መከረ። ንጉሡም ሰሙት፤ ሠፈሩን አንሥተው ሄዱ። በመንገድም ብዙ ሰው አለቀ። እዚህ ላይ ልጁ «ስለዚህ ምክር ይሰሙ ነበር!» ብሎ ደስ አለው። አዎ፣ ሰምተዋል። ነገር ግን ክረምቱ ሳይወጣ ያ ሐኪም መቅደላ ላይ በእግረ ሙቅ ታስሮ ነበር።

ኅዳር 1859 ዓ.ም ላይ ስንደርስ ልጁ እርሳሱን አስቀመጠ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወሰዱ። ዛሬ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር በመኪና የሚሄድ ሰው በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራንዝ አድርጎ በእኛው በማክሰኝት ያልፋል። ልጁ በመስኮት መንገዱን አየ። ሊያቃጥሏት የሄዱት ከተማ በልጅነታቸው እናታቸው ኮሶ ሸጠው ያሳደጉባት ናት ይባላል።

ቀሪውን አብረን ጨረስነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ ግዙፍ መድፍ በገደል መንገድ እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱ፤ መንገዱን ሲጠርጉ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእርሳቸው ጋር የቀረው ጥቂት ሺህ ወታደር ብቻ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ ወታደር ይዞ መጣ። ከውጊያው አንድ ቀን በፊት ንጉሡ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ወደ ገደል አስጣሉ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም አሮጌ ላይ ጦራቸው ተፈታ። ሚያዝያ 6 ቀን እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ በመንገድ ሞቱ፤ እርሱም በዐሥራ ስምንት ዓመቱ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ።

ልጁ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አየው። ሽቅብ ወጥቶ፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛውዞ፣ ቁልቁል የወረደ መስመር። ከ1840 ነጥብ አጠገብ «ለምን እንደተሸነፈ ጠየቀ» ይላል። ከኋለኞቹ ነጥቦች አጠገብ ምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ። «አንተስ ምን ታያለህ?» አልኩት። «ማን እንደከዳቸው ጠየቁ» ብሎ ጻፈ።

አንድነትን ያሰቡ፣ አገር በመድፍና በመንገድ እንድትቆም የለፉ ንጉሥ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ዮሐንስም አፄ ምኒልክም ያን ሐሳብ ወርሰዋል፤ መሣፍንቱ ዳግመኛ ንጉሡን መጫወቻ አላደረጉትም። አያቶቻችን ስማቸውን ሲጠሩ የሚነሡት በከንቱ አይደለም። እኔ የምለው፣ ያነሣቸው ኃይልና የጣላቸው ኃይል አንድ መሆኑን ነው። በዓይሻል የሠራው መድኃኒት በወሎ ሳይሠራ ሲቀር ሌላ መድኃኒት አልፈለጉም። መጠኑን ጨመሩ፤ እንደ እኒያ አዛውንት።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልመለስ።

በ1981 ዓ.ም የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ ክትባት ይዘን ቀበሌ ለቀበሌ ስንዞር ከእኔ የሚቀድም አልነበረም። በዘመቻ ጎበዝ ነበርኩ። ቤቴንም በዘመቻ አስተዳድር ነበር። ይህ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለ በሒሳብ ወደቀ። ተቆጣሁት። ለጥቂት ሳምንት ተሻሻለ። እንደገና ወደቀ። ኳስ ከለከልኩት። ደግሞ ወደቀ። በቀበቶ መታሁት። በእያንዳንዱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይቼ «ሠራ» እል ነበር። እርሱ ግን እየቆየ ነገሩን ሁሉ ከእኔ መደበቅ ጀመረ። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሳይነግረኝ ወደ ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ። ሁለት ዓመት ደብዳቤ አልጻፈልኝም። የተመለሰው ወባ ይዞት፣ ከስቶ ነው። ሳክመው ከቆየሁ በኋላ መድኃኒት ላይ የተጻፈውን እንዲያነብልኝ ብሰጠው ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠጋው።

ልጄ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። ኋላ የተቀመጠ ረጅም ልጅ፣ ዓይኑ ሩቅ የማያይ። የስንቱን ልጅ ዓይን ገልጬ ሳይ የኖርኩ ነርስ፣ የራሴን ልጅ አንድ ቀን «ምን ቸገረህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። «ለምን ናቅኸኝ?» ነበር የምለው።

ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር። መነጽሩን ገዛሁለት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። በዚያ የጥምቀት ሰሞን ቡና ተፈልቶ፣ የልጅ ልጄ ቻርቱን ለአባቱ እያሳየ ሳለ ተናገርኩት። «እኔም መጠኑን ስጨምርብህ ነበር ልጄ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ልጄ ሲኒውን ይዞ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ፣ ቀበቶውን እኮ ረስቼዋለሁ። ሰሌዳው እንዳይታየኝ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ የማድረው ግን ትዝ ይለኛል» አለኝ። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አየው። መነጽሩን ለምን እንደሚያደርግ ያኔ የሰማ ይመስለኛል።

ውድ ወላጆች፣ አያቶችም፣ ልጅ ማሳደግ ንግሥና አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በየቤታችን ትንሽ ግዛት አለን። ቁጣችን በመጀመሪያው ቀን ስለሚሠራ ያታልለናል። ቤቱ ዝም ሲል የተስተካከለ ይመስለናል። ያው ጥፋት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን መድኃኒቱ የዚያ በሽታ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ድምፅ ከመጨመር አንድ ነገር መጠየቅ ይቀድማል። ጥያቄው ደግሞ «ማን ናቀኝ?» ሳይሆን «ምን ሳላይ ቀረሁ?» ቢሆን ይሻላል። ንጉሡ ደባርቂ ላይ ያወቁት ይህንኑ ነበር።

የልጅ ልጄ ቻርቱን ከሥሩ ጥቂት መስመር ጽፎ ለመምህሩ ሰጠ። ከዐሥር ስድስት አገኘ። «ጥሩ ወይም መጥፎ ብለህ አልመረጥክም» ብሎት ነው መምህሩ። ይህን በስልክ የነገረኝ ልጄ ነው። ውጤት ሲያንስ እንዴት እንደሚሆን ስለማውቅ ልቤ ፈራ።

«ተቆጣኸው?» አልኩት።

«አይ፣ እማዬ። ምን ቢጨምርበት ይሻል እንደነበር ጠየቅሁት» አለኝ። «እስካሁን እያወራልኝ ነው፤ ቆይ እርሱን ላገናኝሽ።»